ከጓሮ የወጣው የላምባ ማሞቂያ

በ2022 ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የጋዝና የመብራት ዋጋ ሰማይ የነካበት የብርድ ወቅት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"እማዬ ጓሮ ውስጥ አንድ የቆየ ሂተር አለ። አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ሥራልኝና ክፍሌ ውስጥ ላድርገው" አለችኝ።

"እኔ የሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ፤ የምጠግነው ፕሮግራም ነው" አልኳት።

"ያው ነው" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እሷ የተወለደችው ለንደን ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ሲቸግራት እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች። በዚያ ሰሞን ደቡብ ለንደን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ቤት ካፖርት ለብሳ ነበር የምትተኛው። እኔ ደግሞ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። እናቷን፣ ማለትም የእናቴን ታላቅ እህት፣ "እቴቴ" እላታለሁ። እቴቴ ለታላቅ እህት ወይም ለአክስት የሚሰጥ፣ ፍቅርም አክብሮትም ያለበት መጠሪያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰሜን ለንደን፣ እቴቴ ቤት ተገናኘን። ጓሮ ያለውን የዕቃ ቤት ከፍተን ብስክሌቱንና አሮጌውን ምንጣፍ ካነሣን በኋላ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አገኘን። ቁመቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከላይ የሽቦ እጀታ፣ ከፊቱ ትንሽ መስኮት፣ ከታች የነዳጅ ታንክ አለው። ቀለሙ ድሮ ክሬም ነበር፤ አሁን ግማሹ ዝገት ነው።

እቴቴ በኩሽናው መስኮት አይታን ወጣች። "ቡታጋዜን ማን አወጣው?" አለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም። እኔ ግን ያኔ ልብ አላልኩም።

ሦስት ስም ያለው ዕቃ

ልጅቷ "ሂተር" አለችው። እቴቴ "ቡታጋዝ" አለችው። እኔ "የላምባ ማሞቂያ" አልኩ። ማን ነው ልክ?

ላምባ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። አንዳንዶች ነጭ ጋዝ ይሉታል። እንግሊዞች ፓራፊን፣ አሜሪካኖች ኬሮሲን ይሉታል። መብራት ባልገባበት ወይም በሚጠፋበት የኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የላምባ ዕቃ አይጠፋም ነበር። ኩራዝ ትንሹ ነው፤ ከቆርቆሮ ወይም ከባዶ ጠርሙስ ይሠራል፣ ክሩ በክዳኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ፋኖስ እሳቱን ከነፋስ የሚከልል ብርጭቆ አለው። ማሾ በፓምፕ ይነፋል፤ ብርሃኑ ነጭና ደማቅ ስለሆነ ሠርግና ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይሰቀል ነበር። ፕሪሙስ ደግሞ የማብሰያ ምድጃ ነው። ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት በ1892 ያወጣው ሲሆን፣ የፋብሪካው ስም የምድጃው ስም ሆኖ በብዙ አገር ቀርቷል።

ቡታጋዝ የሚለው ስም የመጣው ቡቴን ከሚባለው ጋዝ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው የላምባ ምድጃውንም የሲሊንደሩንም ምድጃ በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ እቴቴ አልተሳሳተችም፤ የለመደችውን ስም ነው የሰጠችው።

የላምባ ዕቃ ስታገኙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ፓምፕ አለው ወይስ ክር? ማሾና ፕሪሙስ ፓምፕ አላቸው። ላምባው በግፊት ወደ ላይ ይወጣል፣ በሙቀት ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ከዚያ ይነዳል። ለንደንም በዚህ መንገድ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ነበሯት፤ ሄንደን ውስጥ የነበረው የቲሊ ፋብሪካ ከነሐስ ይሠራቸው ነበር። የእቴቴ ማሞቂያ ግን ፓምፕ የለውም። እንደ ኩራዝ ላምባውን የሚስበው በክር ነው። ስሙ ቡታጋዝ ይባል እንጂ በዝምድና የኩራዝ የአጎት ልጅ ነው።

ዕድሜውን እንዴት አወቅን?

ዕቃውን ገልብጠን ታችኛውን ሳህን በእርጥብ ጨርቅ ስንወለውል ጽሑፍ ወጣ፦ አላዲን ኢንዱስትሪስ፣ ግሪንፎርድ፣ ሚድልሴክስ።

አላዲን በአሜሪካ፣ ቺካጎ በ1908 ከተመሠረተ የመብራት ኩባንያ የወጣ ስም ነው። የእንግሊዙ ፋብሪካ የነበረው ምዕራብ ለንደን፣ ግሪንፎርድ፣ ዌስተርን አቬኑ ላይ ነው። ማማ ያለው ሕንፃ ሲሆን የተሠራው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን የዚሁ ከተማ ልጅ ነው።

ቀጥሎ የተሠራበት ዓመት ቀረ። በሥራዬ አንድ ስህተት መቼ እንደተፈጠረ ስፈልግ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ከመቼ በፊት ሊሆን አይችልም? ከመቼ በኋላስ ሊሆን አይችልም? እዚህም ያንኑ አደረግን።

"ሚድልሴክስ" የሚለው አድራሻ መጀመሪያ ደስ አሰኘን። ሚድልሴክስ የሚባለው አውራጃ አብዛኛው በ1965 ወደ ታላቁ ለንደን ገብቷል። "እንግዲያው ከ1965 በፊት ነው!" አለች የአክስቴ ልጅ። ግን አይደለም። ሰዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በፖስታ አድራሻ ላይ ሚድልሴክስ ብለው መጻፍ ቀጥለዋል። ይህ ምልክት ወደቀ።

ሳህኑ ላይ የፓተንት ቁጥር ነበረ። የብሪታኒያ ፓተንቶች ከ1916 ጀምሮ ከ100,001 ተነሥተው በተከታታይ ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የፈጠራውን ዘመን ይጠቁማል። ነገር ግን አንድ ፓተንት ለብዙ ዓመት ሊሠራበት ስለሚችል የሚነግረን "ከዚህ በፊት አይደለም" የሚለውን ብቻ ነው።

ትክክለኛው ፍንጭ የተገኘው ከላስቲኩ ውስጥ ነው። እቴቴ የመመሪያ ወረቀቱን አብራ ጠቅልላው ኖሮ የመለዋወጫ ክር ዋጋ ተጽፎበት አየን፤ በፓውንድና በአዲሱ ፔኒ። እንግሊዝ ሽልንግን ትታ ወደ አዲሱ ገንዘብ የተሻገረችው የካቲት 15 ቀን 1971 ነው። በተጨማሪ ጀርባው ላይ የአንድ ሱቅ ተለጣፊ ነበረ፤ ስልኩ በ01 ይጀምራል፣ ሌላውም ሁሉ አኃዝ ነው። የለንደን ስልኮች በፊደል መጻፋቸው ቀርቶ ሁሉም በቁጥር መጻፍ የጀመሩት ከ1966 ወዲህ ነው። 01 ደግሞ በግንቦት 1990 ለሁለት ተከፍሎ 071 እና 081 ሆነ።

እቴቴ ያገለገለ ዕቃ አድርጋ የገዛችው በ1982 ነው። ስለዚህ መልሱ መጣ፦ ወረቀቱ የዚሁ ዕቃ ከሆነ ከ1971 በኋላ፣ ከ1982 በፊት። አንድ ዓመት ላይ ጣት መቀሰር አልቻልንም፤ ግን የምናውቀውን እናውቃለን።

ለንደን በላምባ ስትሞቅ

ለምን ይህን ያህል የላምባ ማሞቂያ ለንደን ውስጥ ኖረ? ታሪኩ የሚጀምረው ከጢስ ነው። በታኅሣሥ 1952 ለአምስት ቀናት የቆየ ከባድ ጭጋግ ከድንጋይ ከሰል ጢስ ጋር ተደባልቆ ከተማዋን አፈናት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣና በብዙ ሰፈሮች ጢስ የሚያወጣ ከሰል ማንደድ ተከለከለ። ላምባ በደንብ ሲነድ ጢስ የለውም። ርካሽም ነው። ማሞቂያውን ከክፍል ወደ ክፍል ይዞ መሄድ ይቻላል።

በዚያ ዘመን ላምባ የሚሸጡት ኩባንያዎች በቀለም ይፎካከሩ ነበር። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ ቀለም ጨምሮ ይሸጣል። ቀለሙ ለሙቀቱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ገዢው የራሱን ምርጫ እንዲያውቅ ነው። በ1962 መጨረሻና በ1963 መጀመሪያ እንግሊዝን ያን ከባድ በረዶ ሲመታት በየሰፈሩ ሱቅ ጣሳ ይዞ ላምባ መግዛት የተለመደ ነበር።

ማሞቂያው የድሃ ተከራይ ጓደኛ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው የመብራት ቆጣሪው ውስጥ ሳንቲም ካልጨመረ አይበራለትም። ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ቤተሰቦች ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ የላምባ ሽታ ሳይነሣ አይቀርም። ጸሐፊው ማይክል ማክሚላን በ2005 እና በ2006 የእነዚህን ቤተሰቦች የእንግዳ ክፍል የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ያቀረበው ዛሬ የመኖሪያ ቤት ሙዚየም በሚባለው፣ ምሥራቅ ለንደን በሚገኘው በያኔው የጄፍሪ ሙዚየም ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለንደን ሲደርሱም በነዚያው ሰፈሮች፣ በነዚያው ቀዝቃዛ ክፍሎች ገቡ።

ግን ማሞቂያው እሳት ነውና ቤት አቃጥሏል፣ ሰው ገድሏል። ሲወድቅ፣ እየነደደ ሲሞላ፣ ነፋስ ሲመታው አደጋ ይደርስ ነበር። ፓርላማው በ1960 መንግሥት ለእነዚህ ማሞቂያዎች የደህንነት ደረጃ እንዲያወጣ የሚያስችል ሕግ ያጸደቀው ለዚህ ነው።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የድስት ሽቦ

ጥገናው አራት ቅዳሜ ፈጀ። የአክስቴ ልጅ የመሣሪያ ስም በአማርኛ ተማረች። ካቻቢቴ ቡሎን ይፈታል፣ ፒንሳ ይይዛል። "እነዚህ ቃላት ጣልያንኛ አይመስሉም?" አለች። ናቸው፤ የጋራዥ አማርኛ ብዙ ቃል ከጣልያንኛ ወስዷል።

መጀመሪያ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ላምባ ውጭ ሆነን ቀዳነው። ላምባ አዲስ ሲሆን እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ይሄ ግን ሻይ መስሏል። ፍሳሽ ቦይ ውስጥ አይደፋም፤ የሰፈሩ ምክር ቤት አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ይወሰዳል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ክፍል ሳንፈታ በፊት ፎቶ አነሣን፤ ቡሎኖቹን በቅደም ተከተል የእንቁላል ካርቶን ውስጥ አስቀመጥን። ሦስተኛ፣ ጥቀርሻውን በብሩሽና በሳሙና ውኃ አጠብን። ዝገቱን በድስት ሽቦና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፤ ያረጀ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አፍንጫችንን ሸፍነን፣ እያረጠብን ነው የሠራነው። በአሮጌ ማሞቂያ ውስጥ ግራጫ፣ ጭረት ጭረት ያለው ማሸጊያ ወይም ክር ካያችሁ አትንኩት፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። የእኛ አልነበረውም።

አራተኛ፣ ታንኩን አድርቀን ትንሽ አዲስ ላምባ ጨመርንና በጋዜጣ ላይ አሳደርነው። ጋዜጣው በማግሥቱ ደረቅ ነበር፤ አያፈስም ማለት ነው። በመጨረሻ ክሩን ለወጥን። የድሮው እንደ እንጨት ደርቋል። አዲሱ ላምባውን እስኪጠጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ቤንዚን ጠብታ እንኳ እንዳይገባ፤ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን ዕቃውን ቦምብ ያደርገዋል።

የዚህ ማሞቂያ ብልሃት ሰማያዊው እሳት ነው። የኩራዝ እሳት ቢጫ የሆነው በቂ አየር ስለማያገኝና ጥቃቅን ጥቀርሻ በውስጡ ስለሚግል ነው። እዚህ ግን ክሩ ክብ ነው፤ አየር በውስጥም በውጭም ይመጣል፣ ከላይ ያለው ጢስ መውጫ ደግሞ አየሩን ወደ ላይ ይስባል። ላምባው ሙሉ በሙሉ ሲነድ እሳቱ ሰማያዊ ቀለበት ይሆናል። ያቺ ትንሽ መስኮት ማይካ ከሚባል ማዕድን የተሠራች ናት፤ ሙቀት አይሰብራትም። የተሠራችውም እሳቱን ጎንበስ ብለን እንድናይበት ነው።

እቴቴ የተናገረችው

በአራተኛው ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ ለኮስነው። ሰማያዊው ቀለበት ወጣ። የአክስቴ ልጅ አጨበጨበች። "ዛሬ ማታ ይዤው እሄዳለሁ" አለች።

"አትወስጂውም" አለች እቴቴ።

"እማዬ፣ ተሠርቷል እኮ!"

እቴቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህም አለች፦

"ጥር ነው፣ 1983። ፊንስበሪ ፓርክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል። ለአከራዩ ብነግረው አልሰማኝም። በጋዜጣ ጠቀጠቅኩት፣ በሩ ሥር ፎጣ አደረግኩ። እናቴ 'ከሰል ሳይቀላ ቤት አይግባ' ትል ነበር። እዚህ ደግሞ ጢስ የለ፣ ምን የለ። ምን ይሆናል ብዬ እንደበራ ተኛሁ። ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ሊያስመልሰኝ ብነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ኮሪደሩ ላይ ወደቅኩ። ታች የሚኖሩ የጃማይካ ሰው፣ ትልቅ ሴትዮ፣ ሰምተው ወጡ። እሳቱን አጠፉ፣ መስኮቱን ከነጋዜጣው ከፈቱት። 'ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲነድ መስኮት አይዘጋም' አሉኝ።"

ልጅቷ ዝም አለች። ቆይታ "ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?" አለች።

"ለእናቴ 'ተመችቶኛል' እያልኩ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። እንደዚያው ቀረ።"

"ታዲያ ለምን አልጣልሽውም?"

"መስኮቱን ከፍቼ ሦስት ክረምት አሞቀኝ። መጣል አልሆነልኝም።"

እቴቴን ያገኛት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሆን አይቀርም። እሳት በቂ አየር ሲያጣ የሚፈጠር ጋዝ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አገር ቤት በብርድ ጊዜ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ስለሞቱ ሰዎች ያልሰማ የለም። "ከሰል ሳይቀላ አይግባ" የሚለው የእናቶች ምክር ጢሱን ያስቀራል፤ የቀላ ከሰልም ግን ይህንን ጋዝ ያወጣል። ጢስ አለመኖሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ማሞቂያው ቢሠራም ሌላ ችግር አለበት። አንድ ሊትር ላምባ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ ሲነድ ደግሞ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውኃ በእንፋሎት መልክ ክፍሉ ውስጥ ይለቃል። ያ ውኃ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያርፍና ሻጋታ ይሆናል። ብዙ የኪራይ ውሎችም እንዲህ ዓይነቱን ማሞቂያ ይከለክላሉ። በእንግሊዝ ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ አከራዮች ነዳጅ የሚያነድ ቋሚ ማሞቂያ ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲያስገቡ ሕግ ያስገድዳል፤ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ግን ቋሚ አይደለም። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ክፍል ውስጥ ማስጠንቀቂያ አልነበረም።

እውነቱን ልናገር። እኔ ይህንን ሁሉ አንብቤ ነበር። አራት ቅዳሜ ሙሉ ግን ዕቃው እንዲሠራ ብቻ ነበር የማስበው፤ የሚነድበትን ክፍል አላሰብኩም። ዕቃውን ከሁላችንም በላይ የምታውቀውን ሰው ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያ ቀን ፊቷን አይቻለሁ እኮ።

በማግሥቱ ለአክስቴ ልጅ ሁለት ነገር ገዛሁላት። አንዱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የጋዝ ቦይለር አለ። ሌላው የአልጋ ኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 2,000 ዋት ሲበላ ብርድ ልብሱ ወደ 100 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ የሚያሞቀው ክፍሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ካፖርቱን አውልቃ መተኛት ጀመረች።

ማሞቂያውን ጓሮ ውስጥ አንድ ጊዜ እንደገና ለኮስነው፤ እቴቴ ጠየቀችን። ጎንበስ ብላ በማይካዋ መስኮት አየችና "ቢጫ አለበት፤ ክሩን ትንሽ ዝቅ አድርገው" አለችኝ። ዝቅ ሳደርገው ቢጫው ጠፋ። ከአርባ ዓመት በኋላም እጇ አልረሳም።

ከዚያ ላምባውን ቀድተን አደረቅነው። አሁን እቴቴ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። እጀታው ላይ የአክስቴ ልጅ በራሷ እጅ፣ በአማርኛ የጻፈችው ወረቀት ተንጠልጥሏል፦ "የላምባ ማሞቂያ። አላዲን፣ ግሪንፎርድ። ከ1971 እስከ 1982 ባለው ጊዜ የተሠራ። የእማዬ ነው። ቤት ውስጥ አይለኮስም።"

በእናንተም ቤት፣ ሰገነት ላይ ወይም ጓሮ ውስጥ ያረጀ ዕቃ ካለ ሳትነኩት በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። "ይሄ ምን ይባላል? ከየት አመጣችሁት? ምን ሆናችሁበት?" በሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ አትርሱ።

የሳምንቱ ቃላት

ላምባ፦ ለመብራት፣ ለምድጃና ለማሞቂያ የሚሆን ነዳጅ።
ክር፦ ላምባውን ከታንኩ ወደ እሳቱ የሚስብ ጨርቅ፤ ፈትልም ይባላል።
ጥቀርሻ፦ ጢስ ያረፈበት ቦታ ላይ የሚቀር ጥቁር ነገር።
ዝገት፦ ብረት ውኃና አየር ሲያገኘው የሚይዘው ቀይ ቡናማ ሽፋን።
ብርጭቆ ወረቀት፦ ዝገትን ወይም እንጨትን ለመፈግፈግ የሚያገለግል ሻካራ ወረቀት።
ሻጋታ፦ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ወይም የቆየ ምግብ ላይ የሚበቅል ነገር።
ጠቀጠቀ፦ ክፍተትን በጋዜጣ፣ በጨርቅ ወይም በሌላ ነገር አጥብቆ ሞላ።